በር ባር የሆነበት ክረምት

በቀደም ለእህቴ ልጅ ምርቃት ባነር ላሠራ ብዬ ሆሳዕና መናኸሪያው አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ገባሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ «እንኳን ደስ አለሽ» የሚለውን ጽፎ አሳየኝና፣ «እትዬ፣ ቦልድ ላድርገው? ኢታሊክ ሲሆንም ያምራል» አለኝ። እሺ ከማለቴ ፊደሎቹ በአንዴ ወፈሩ። ጣቱን እንደገና ነካ ሲያደርግ ደግሞ ሁሉም ተያይዘው ወደ ቀኝ ዘመም አሉ። ከውስጥ የባነር ማተሚያው እየተንገጫገጨ የቀለምና የቲነር ሽታ ይልክብናል። ያን ሽታ እየሳብኩ እነዚያን ዘመም ያሉ ፊደሎች ሳይ አልቻልኩም፤ ሳቄ አመለጠኝ።

«ምነው እትዬ፣ የተሳሳተ ነገር አለ እንዴ?» አለ ልጁ ስክሪኑን መልሶ እያየ።

«የለም የኔ ልጅ። አሁን አንተ በአንድ ጣትህ ያደረግኸውን ነገር አክስቴ ለማድረግ ክረምቱን ሙሉ ነው የታገለችው።»

«ኮምፒውተሩ ተበላሽቶባቸው ነው?»

ይኼን ጊዜማ ጭራሽ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ለሱ ለማስረዳት ጊዜም አልነበረኝም፣ እሱም ሥራ ነበረበት። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ባጃጅ ለከተማችን ገና ብርቅ ስለነበር ሲያልፍ ልጆች ከኋላው እንሮጣለን። ዕቃውንም ሰውንም የሚያመላልሰው የፈረስ ጋሪ ነው። ቤታችን ከአባዬ የእህል መጋዘን ጀርባ ስለነበረ ብርድ ልብሳችን ሳይቀር ስንዴ ስንዴ ይሸታል። አባዬ ከሌሞ ወረዳ ገበሬዎች ስንዴና ገብስ ገዝቶ ይሸጣል፤ በሚዛኑ ትክክለኛነት የታወቀ ሰው ነው። ከሚዛን ጋር ብዙ ዘመን ስለኖረ ይመስለኛል፣ በዚህ ዓለም ላይ የሚያዘነብል ነገርን ያህል የሚጠላው አልነበረም። የአጥር እንጨት ዘመም ብሎ ካየ፣ የሰው አጥርም ቢሆን፣ ቆሞ ያቃናል። እንግዳ መጥቶ ኮፍያውን ገደድ አድርጎ ከተቀመጠ አባዬ ጨዋታውን መስማት ያቅተዋል፤ ዓይኑ ኮፍያው ላይ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው ቤት ነው አክስቴ ታደለች ዘመም ያለ ፊደል ይዛ የመጣችው።

ታደለች የአባዬ ታናሽ እህት ናት። ክረምቱ ሊገባ ሲል ከዳምቦያ መጣች፤ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፌስታል ሙሉ ብሩሽ፣ አንድ ደግሞ ባዶ የሞተር ዘይት ቆርቆሮ ይዛ። ዳምቦያ እያለች የሰንበት ትምህርት ቤቱን ግድግዳ በጥቅስ ያስጌጠችው፣ ለልጆቹ የፊደል ገበታውን የሣለችው እሷ ናት። አሁን ደግሞ ሆሳዕና ውስጥ ታፔላ ጻፊ ልሆን ነው አለች።

«ታፔላ ጻፊ?» አለ አባዬ። «ወንዶቹ እንኳ ሥራ አጥተው መሰላላቸውን ተደግፈው ሲውሉ ነው የማየው።»

«የነሱን ፊደል አይቼ እኮ ነው የመጣሁት ጋሽዬ» አለችው።

እማዬ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አባዬ አልሳቀም።

«እንግዲያው እስከ መስቀል» አለ። «እስከ መስቀል ሥራ ከያዝሽ እሰየው፣ እዚሁ ኑሪ። ካልያዝሽ ግን የመስቀል ማግስት ዳምቦያ ትመለሻለሽ። እናታችን እንሰቱን ብቻዋን ልትፍቅ ነው?»

ከዚህ ሁሉ ንግግር እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ መስቀል ሲመጣ ታዴ ትሄዳለች። ታዴ ደግሞ በመጣች በሳምንቷ አልጋዬን ተጋርታ፣ ጸጉሬን ሠርታ፣ ስሜን ምህረትን አሳጥራ ምሬ ብላኝ ልቤን ወስዳዋለች። ስለዚህ መላ ዘየድኩ። ክረምቱ ካላለቀ መስቀል እንዴት ይመጣል? እጄን አጣጥፌ፣ «ጌታ ሆይ፣ ዝናቡን አታቁምብን» እያልኩ እጸልይ ጀመር። የታዴ ቀለም አልደርቅ የሚላት በዝናቡ ምክንያት መሆኑን ማን ይንገረኝ!

ያ የዘይት ቆርቆሮ ባዶውን የመጣው ያለ ነገር አልነበረም። ላዩ ላይ የፈረንጅ ፊደላት አሉት፤ ወፋፍራም፣ ምንም ጌጥ የሌላቸው፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ዘመም ያሉ። ታዴ ቆርቆሮውን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ እንደ ፎቶ ታየዋለች።

«አየሽ ምሬ፣ እነዚህ ቆመው አይደለም፤ እየሮጡ ነው። የኛዎቹስ ለምን ቆመው ይቀራሉ?»

እውነትም የኛ ፊደሎች ያኔ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ታፔላና በመጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እንደማያቸው፣ ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት። አንዱ ጎናቸው ወፍራም ሌላው ቀጭን ነው፤ ጫፍ ጫፋቸው ላይ ደግሞ እንደ ጫማ ያለች ትንሽ ነገር አለቻቸው። ታዴ መጀመሪያ ጫማቸውን ታወልቃለች። ቀጥላ ታወፍራቸዋለች። መጨረሻ ላይ ታስሮጣቸዋለች። ስምም ስታወጣላቸው «ሯጩ ፊደል» አለች።

እኔ ይኼን ሁሉ እውነት ብዬ ነው የያዝኩት። «ዛሬ ‹መ›ን አብዝቼ አበላኋትና ዓይኖቿ ጠፉ» ትላለች፤ መቼስ «መ» ሁለት ክብ ዓይን አላት፣ መስመሩ ሲወፍር ክቦቹ ይደፈናሉ። «ወ»ም እንደዚያው ናት፤ ስትወፍር ሆዷ ውስጥ አየር አይቀርም። ስለዚህ ታዴ ከውጭ ወፍራም፣ ከውስጥ ግን ሳሳ ታደርጋቸዋለች። እኔ ለጎረቤት ልጆች «አክስቴ ፊደል ትቀልባለች» ብዬ ስነግራቸው ቆሎ ይዘው ሊያበሏቸው መጡ። ታዴ አላሳፈረቻቸውም። ቆሎውን ተቀብላ፣ «እነሱ ጠግበዋል፣ እኔ ልብላላቸው» አለችና በላችው።

ደግሞ ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር ነበር።

«ታዴ፣ የሚሮጡ ከሆነ ነፋሱ አናታቸውን ወደ ኋላ አይገፋውም? ለምን ወደ ፊት ሄደ?»

ብሩሹን አቆመችና አሰበች። «ነፋሱን እነሱ እየገፉት ነዋ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም የምሮጠው አናቴን ወደ ፊት ሰድጄ ሆነ፤ ሁለት ጊዜ ጭቃ ላይ ተደፋሁ።

የመጀመሪያው ሥራ የመጣው ከአቶ ኤርጫፎ ነው። አቶ ኤርጫፎ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሽማግሌ የሆኑ ትልቅ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ላይ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል፤ እኛ ቤት በዚህ የሚስቅ የለም፣ እማዬም በሀዲይኛ ያደገች ስለሆነች እንደሳቸው ናት። ታዴን «አንተ» ነው የሚሏት፤ እሷም ወዳው «አቤት» ትላቸዋለች።

«ታዴ፣ አንተ ጎበዝ ነህ አሉኝ። አሮጌው ታፔላዬ ዝጎ ምንም አይነበብም። ‹የበርና መስኮት ሥራ› ብለህ ጻፍልኝ። ከሩቅ ይታይ።»

«ሩቅ ብቻ? ባጃጅ ውስጥ ሆኖ የሚያልፈው ሰው ሳይቀር ያነበዋል!» አለች ታዴ።

ሥራው ግቢያችን ውስጥ ተጀመረ። ላሜራው ነጭ ተቀባ። የከሰል ዱቄት የነካ ክር ከዳር እስከ ዳር ወጥረን እሷ መሐሉን ሳብ አድርጋ ስትለቀው ጧ ይልና ላሜራው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይቀራል። ታዴ የያንዳንዱን ፊደል ቅርጽ አስቀድማ ከካርቶን ቆርጣ ነበር፤ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ወፋፍራም፣ ጫማ የሌላቸው። ታዲያ ዘመም እንዲሉ ካርቶኑን ወደ ቀኝ ጋደም አድርጋ ዙሪያውን በእርሳስ ከበበችው። ከዚያ በቀይ ቀለም ሞላችው። ከውጭ ዝናቡ ስለማያቆም (ጸሎቴ ሠርቷል) ጣሪያው ጥግ ስር አስደግፈን ከፊቱ የከሰል ምድጃ አደረግንለት።

ሲደርቅ እንዴት ያምር ነበር! ቀዩ ከነጩ ላይ ዘሎ ሊወርድ ይመስላል። እማዬ አጨበጨበች። አባዬ ከመጋዘን ወጥቶ አንገቱን አዘንብሎ አየውና፣ «ምነው፣ ወድቀው ነው የሚነሱት ወይስ ሊወድቁ ነው?» ብሎ ተመለሰ።

ቅዳሜ ተሰቀለ። እሑድ ምእመናኑ በዚያ በኩል ሲያልፉ እየቆሙ ያያሉ፣ ይተያያሉ፣ ዝም ብለው ይሄዳሉ። እኔ በውበቱ የተደነቁ መስሎኝ ታፔላው ስር ሄጄ ቆምኩ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ጎረምሶች ወደ አቶ ኤርጫፎ ወርክሾፕ ገቡ። የተባባሉትን ከተማው ሁሉ ሲተርከው ስለኖረ ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

«ጋሼ፣ ባሩ ክፍት ነው?»

«በሩማ ክፍት ነው፤ ግቡ።»

ጎረምሶቹ ገብተው የእንጨት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ምን ምን አለ?»

«የቱቦላሬም አለ፣ የላሜራም አለ።»

ጎረምሶቹ ተያዩ። ስሙን ያልሰሙት አዲስ ቢራ መስሏቸዋል።

«ቀዝቃዛ ነው?»

«ብረት ምን ጊዜ ሞቆ ያውቃል ወንድሜ?»

«እሺ፣ ሁለት ስጡን።»

«ሁለት! አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለጓሮ ነው?»

«አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለሱ ነው እንጂ!»

«ጎበዞች! ሁለታችሁም ቤት ሠራችሁ ማለት ነው! በሉ ልኩን ንገሩኝ።»

እንዲህ እያሉ ሲሄዱ ሲሄዱ ነው «ቢራ» የሚለው ቃል የወጣው። አቶ ኤርጫፎ ተንደርድረው ወደ ውጭ ወጡና ታፔላቸውን ቀና ብለው አዩ።

ከቀትር በኋላ ወደ ቤታችን አንድ ጋሪ መጣ። ላዩ ላይ የተጋደመ ረጅም ነገር ነጭ ጋቢ ለብሷል፤ አቶ ኤርጫፎ አጠገቡ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ጎረቤቶቻችን ከየቤታቸው ወጡ። አንዷ ሴት ነጠላዋን አደግድጋ «እኔን! ማን ነው? መቼ ነው ያረፈው?» አለች። እኔም ሬሳ መስሎኝ እማዬ ጀርባ ተሸሸግኩ።

አቶ ኤርጫፎ ወረዱና ጋቢውን ገፈፉት። ታፔላችን ነው።

«ታዴ፣ አንብብ።»

«የበርና መስኮት ሥራ» አለች ታዴ።

«አንተ በልብህ ያለውን ነው የምታነበው። ምህረት ታንብበው።»

እኔ ማንበብ አዲስ ስለነበርኩ እንዲህ ያለ ዕድል አላሳልፍም። ደረቴን ነፍቼ፣ ጣቴን እያስከተልኩ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፦ «የ፣ ባ፣ ር፣ ና... የባርና መስኮት ሥራ!»

ማንም አላጨበጨበልኝም።

«እማዬ፣ ባር ምንድን ነው?»

«ዝም በይ!» አለች እማዬ፣ ፊቷ ቀልቶ።

ለጥቂት ቀናት ያህል ባር ማለት ከበር የሚበልጥ፣ በጣም ትልቅ በር ነው ብዬ አምኜ ነበር። ያ ሁሉ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራው ትልቅነቱ ቢያስደንቀው ነው።

ታዴ ግን ገብቷታል። ላሜራው አጠገብ ተንበርክካ ጣቷን «በ» ላይ አሳረፈች። እንግዲህ ፊደላችንን ታውቁታላችሁ፤ «በ» ሁለት እኩል እግር አላት። ግራ እግሯ ካጠረ ደግሞ «ባ» ናት፤ ልዩነታቸው ያቺው ናት። ታዴ ካርቶኑን ወደ ቀኝ ስታጋድመው የ«በ» ግራ እግር ከመስመሩ ተነሥቶ ቀረ። ሌሎቹ ሁሉ ጋደም ቢሉ ያው ራሳቸውን ናቸው፤ «የ» «የ» ናት፣ «ት»ም «ት» ናት። ከዚያ ሁሉ ፊደል መካከል አንዷ «በ» ናት የከዳቻት፤ እሷም የሽማግሌውን በር ባር አደረገችው።

አባዬ ከመጋዘኑ በር ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል።

«ነግሬሻለሁ ታዴ። የሚያዘነብል ነገር መጨረሻው ይኸው ነው» አለ። አልጮኸም፤ አለመጮኹ ነው የከፋው። በዚያው ቀን መናኸሪያ ወርዶ ለዳምቦያው ሚኒባስ ረዳት የመስቀል ማግስት አንድ ወንበር እንዲይዝላት ነገረው።

አቶ ኤርጫፎ ደግሞ፣ «ቀጥ አድርገህ ጻፍልኝ፣ በቃ። ከአዲስ አበባ ለመስቀል የሚገቡት ልጆች ለእናት አባታቸው ቤት በር የሚያዙት አሁን ነው» አሉ።

«ጋሼ ኤርጫፎ፣ በዚህ መንገድ ቀጥ ያለ ታፔላ ሞልቷል፤ የቱ ነው ዓይንዎ ውስጥ የሚገባው?» አለች ታዴ። «አንድ ዕድል ብቻ ይስጡኝ። ይሮጣል፣ በርም ይላል።»

«አሁንም በር ካላለ እኔ ቤተ ክርስቲያን በየት በኩል እገባለሁ?»

«በበሩ» አልኩ እኔ።

እማዬ ልትቆነጥጠኝ እጇን ስትሰድ አቶ ኤርጫፎ ቀድመው ሳቁ። ያቺ ሳቅ ናት ያተረፈችን። «እሺ» አሉ፣ «መስቀል ሳይደርስ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የታዴ የጭንቀት ቀናት ናቸው። «በ»ን ጋደም ታደርጋታለች፣ ግራ እግሯ ይነሣል። ግራውን ታስረዝማለች፣ አንካሳ ትመስላለች። ቀኙን ትቆርጣለች፤ ትንሽ አብዝታ ከቆረጠች ደግሞ ቀኝ እግሯ አጥሮ «ቦ» ትሆናለች። «የቦርና መስኮት ሥራ» ብዬ ሳነብላት በብሩሹ እንጨት አናቴን መታ አደረገችኝ። ካርቶኑ አለቀ። ዝናቡ አባራ። እኔ ጌታን ተቀየምኩት፤ አደይ አበባ መታየት ጀምሯልና።

አንድ ቀን ጠዋት ታዴ ብሩሾቿን አጥባ ፌስታሉ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ነይ ምሬ፣ ጋሼ ኤርጫፎ ጋ እንሂድ። ቀጥ አድርጌ እጽፍላቸዋለሁ፤ ከዚያ ሻንጣዬን አዘጋጃለሁ።»

ጭቃውን እየዘለልን ሄድን። እኔ እጇን አጥብቄ ይዣለሁ። ወርክሾፑ ስንደርስ አቶ ኤርጫፎ አንድ የቱቦላሬ ብረት የበር ፍሬም መሬት ላይ አቁመው ማዕዘኑን በስኳድራ ይለካሉ። ፍሬሙ አራቱም ማዕዘኑ ላይ ነካ ነካ ተደርጎ ነው የተበየደው፤ ገና አልጠነከረም። ስኳድራውን ሲያስጠጉ አልገጠመም።

«ኧረ ዘመመ! ይኼ በር አበደ!» ብለው አናቱን ወደ ግራ ሊመልሱት እጃቸውን ሰነዘሩ።

«አይንኩት!»

የታዴ ጩኸት ነው። አቶ ኤርጫፎ እሳት የነኩ ያህል እጃቸውን ሰበሰቡ። እኔም በሩ ሊበላኝ መስሎኝ ዘልዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?»

«እግሩን ይዩት ጋሼ! እግሩን!»

አየን። አናቱ ወደ ቀኝ ሄዷል፣ ሁለቱም ጎኖቹ ዘመም ብለዋል። እግሮቹ ግን ሁለቱም መሬት ላይ ናቸው። አንዱም አልተነሣም። ታዴ ፍሬሙ ፊት ቁጭ አለች፤ ቀሚሷ ጭቃ ነካው፣ ግድ አልሰጣትም።

«እስቲ ትንሽ ይግፉት ወደ ቀኝ... ትንሽ... በዛ! ይመልሱት... እዚያ! እዚያ ጋ ይያዙልኝ!»

«የተበላሸ በር እኮ ነው ታዴ!»

«ለእርስዎ የተበላሸ በር ነው። ለእኔ ‹በ› ናት!»

እውነትም «በ» ከታች ያለውን ብረት የተነሣች በር ናት፤ አንድ አናት፣ ሁለት እግር። እስከዚያ ቀን እንዴት ሳላያት ኖርኩ! ታዴ አሮጌ ላሜራ ከኋላው አስደግፋ የፍሬሙን ዘመም ያለ ጎን በጠመኔ ተከተለችው። አቶ ኤርጫፎ ስኳድራቸውን በብብታቸው ይዘው የተበላሸውን በር እንዳይቃና ደግፈው ቆመዋል፤ ላቡ ግንባራቸው ላይ ይወርዳል።

«በሕይወቴ ዘመም ያለ በር እንዲህ ስጠብቅ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታዴ እየሮጠች ነበር። «ለካ አናጋድማቸውም ምሬ! እግራቸውን መሬት ላይ ተክለን አናታቸውን ነው የምንገፋው!»

አዲሱ ታፔላ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁና ልናገር እችላለሁ። ከላይ አንድ የከሰል መስመር፣ ከታች አንድ የከሰል መስመር፤ በመካከላቸው እንደዚያ በር ጎን ዘመም ያሉ ብዙ መስመሮች። እያንዳንዱ ፊደል እነዚያን ዘመም ያሉትን ተከትሎ ይወጣል፣ የእግሩ ጫፍ ግን ከታችኛው መስመር ጋር እኩል ጠፍጠፍ ብሎ ይቆረጣል። የ«የ» ክብ ተገፍታ እንደ እንቁላል ሆነች፤ መጀመሪያ አዘንኩላት፣ ሲቀባ ግን ከሁሉም በላይ የምትሮጠው እሷ ሆነች። «መ»ም ዓይኗን ከፍታ ሮጠች። «በ» በሁለት እግሯ ረግጣ ሮጠች።

አቶ ኤርጫፎ ግን አንዴ ታፔላ ነክሷቸዋልና ዝም ብለው አልሰቀሉትም። ታፔላውን ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ አስደገፉና ከመንገዱ ማዶ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ ያዙ።

«እህቴ፣ እባክህ፣ ያ ምን ይላል?»

ቆጮ ተሸክማ ገበያ የምትሄደው ሴት ቀና አለች። «የበርና መስኮት ሥራ።»

«አንተስ ወንድሜ?»

«በርና መስኮት።»

አላመኑም። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ጠየቁ። ከዚያ አንድ ጋሪ በሙሉ ግልቢያ ከገበያ በኩል መጣ። አቶ ኤርጫፎ እጃቸውን ወደ ታፔላው ዘርግተው «ምን ይላል?» ብለው ጮኹ። ባለጋሪው ልጓሙን እንኳ አልሳበም።

«በርና መስኮት!» ብሎ እየጮኸ አለፈ።

«ፈረሱ ሳይቆም!» አሉ አቶ ኤርጫፎ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው። «ፈረሱ ሳይቆም አነበበ! ሃሌሉያ! ታዴ፣ ስቀል! አሁኑኑ ስቀል!»

መሰላሉ ላይ የወጣችው ታዴ ናት። ሰው ተሰብስቦ ነበር። ከመካከል አንድ ፌዘኛ፣ «ጋሼ ኤርጫፎ፣ ባሩን ዘጉት እንዴ?» አለ።

«ዘጋሁት!» አሉ አቶ ኤርጫፎ። «በር ገጠምኩበት!»

ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያማ ምኑ ቅጡ! ባለባጃጁ መጣ፤ ከኋላ መስተዋቱ በላይ «ቀደምኳችሁ» ብለሽ ጻፊልኝ አላት። የእግር ኳስ ቡድን ያላቸው ወጣቶች ለማሊያቸው ቁጥርና ስም መጡ። በቅናሽ የሚሸጠው ጫማ ነጋዴ መጣ። ታዴ ግን ሯጩን ፊደል ለሁሉም አትሰጥም። አንድ ግንበኛ «ለኔም እሱን» ሲላት፣ «ለአንተ ቀጥ ያለውን ነው የምጽፍልህ። ዘመም ያለ ግድግዳ ማን ያሠራል?» አለችው። የሬሳ ሳጥን የሚሠራው ሰውዬ ደግሞ ተከፍቶ፣ «እኔስ ለምን ይቅርብኝ?» ቢላት፣ «ጋሼ፣ ወደ እርስዎ ሱቅ የሚቸኩል ሰው አለ?» አለችው። ሰውየው አሰበና፣ «እሱስ የለም» አለ።

አባዬ ይኼን ሁሉ ከመጋዘኑ በር ላይ ሆኖ ያያል። ግቢያችን በላሜራ ተሞልቶ ጆንያ የሚያወርድበት ቦታ አጥቷል። ግን ስለ ዳምቦያ ምንም አልተናገረም፤ ወንበሯ ተይዟል፣ እሱም ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ስላልሆነ እኔ እየጠበቅኩ አለቅኩ። ታዴም አልጠየቀችውም። መስቀል መጣ፣ ደመራው ተለኮሰ፣ በቡላና በቅቤ የሚሠራው አተካናችን ተበላ። እኔ ግን ድርሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

የመስቀል ማግስት አባዬ ለአያቴ የሚላክ ስንዴ በጋሪ ጭኖ ወደ መናኸሪያ ወረደ። እኔም ከኋላው ተከትዬ ሮጥኩ። ታዴ በጠዋት ወጥታ ነበር፤ ሻንጣዋ ግን አልጋው ስር ነው፣ አይቻለሁ። ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ልቤ አልደረሰበትም።

የዳምቦያው ሚኒባስ ቆሟል። ታዴ ደግሞ በሾፌሩ በኩል፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ ጎኑን ትቀባለች! ባለቤቱ «ዳምቦያ ሆሳዕና» የሚለውን በሁለቱም ጎን አዟት፣ የቀኙን ጨርሳ ግራው ላይ ደርሳለች። ረዳቱ አጠገቧ ቆሞ ይቀልዳል።

«ታዴ፣ በዚህ በኩል ፊደሎቹ ወደ ኋላ ተጋድመው መኪናው ወደ ኋላ የሚሄድ እንዳይመስል!»

«ዓይንህን ክፈት» አለችው ሳትዞር።

አየሁ። በቀኙ ጎን ፊደሎቹ ወደ ቀኝ ዘመም ብለዋል፣ የመኪናው አፍንጫ በዚያ በኩል ነዋ። በግራው ጎን ግን አናታቸውን ወደ ግራ ገፍታዋለች። ከየትም ብታየው መኪናው ወደ ፊት ነው የሚሮጠው።

አባዬ ስንዴውን ትቶ መጣ። በመኪናው ዙሪያ ሄደ፣ ተመለሰ። ከዚያ ጉልበቱን አጥፎ አንድ ዓይኑን ጨፈነና፣ የሚዛን ምላስ እንደሚያይ ሆኖ፣ የፊደሎቹን እግር ከዳር እስከ ዳር አየ። «ዳ»ን አየ፣ «ም»ን አየ፣ እስከ «ና» ድረስ አየ። ታዴ ብሩሿን አየር ላይ አቁማ ትጠብቃለች።

«እግራቸው ውሃ ልክ ነው» አለ አባዬ።

ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ወዲያው መንገደኞቹ ወዳሉበት ዞር ብሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ይኼን የጻፈችው እህቴ ናት» አለ። አጠገቡ ለቆመ ለማያውቀው ሽማግሌም ደገመለት። «የእናቴ ልጅ ናት።»

ረዳቱ መጣ። «ጋሼ፣ እንዳሉኝ ወንበር ይዤላታለሁ። ሻንጣዋን አምጡና ልጫነው።»

«ለሌላ ሰው ስጠው» አለ አባዬ። «እሷ ሥራ አላት።»

ታዴ ፊቷን ወደ መኪናው አዞረች፤ እጇ ቀጥ ብሎ የቀረውን የ«ና» ቀለም ጨረሰ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠላጠለና መናኸሪያው እስኪያስተጋባ ጮኸ፦

«ዳምቦያ አንድ ሰው! ዳምቦያ የቀረው አንድ ሰው! በግራ በኩል እንዳትነኩት፣ ቀለሙ አልደረቀም!»